ደረጃው ላይነሩን እንዳይበላው፦ ከመሬት በላይ ለሚቆም የጓሮ ገንዳ ዝርዝር መመሪያ

ሜሪላንድ ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት የገዛ አበሻ መጀመሪያ ጎመንና ቃሪያ ይተክላል። ልጆቹ ትንሽ ከፍ ሲሉ ደግሞ የፑል፣ የመዋኛ ገንዳ፣ ጥያቄ ይመጣል። ቆፍሮ ማሠራቱ ኪስ የሚያራቁት ስለሆነ ብዙዎቻችን የምንገዛው መሬት ላይ የሚቆመውን ክብ ገንዳ ነው። የኛው 24 ጫማ ስፋትና 52 ኢንች ቁመት አለው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ መጀመሪያ ያየችው ቀን ውስጡን በጣቷ ጫን ጫን አደረገችና «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ውሃ የያዘው ይሄ ላስቲክ ነው?» አለችኝ።

እሱ ነው። ውሃው ወደ 13,500 ጋሎን ይጠጋል፤ ክብደቱ ከ50 ቶን ያልፋል። የቆርቆሮው ግድግዳ ቅርጹን ይይዛል እንጂ ውሃ አይዘጋም። ውሃውን የሚዘጋው ላይነር የምንለው የቪኒል ሸራ ብቻ ነው። ገበያ ላይ የሚገኙት በብዛት ከ20 እስከ 30 ሚል ውፍረት አላቸው፤ 20 ሚል ማለት ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

የመጀመሪያው ላይነራችን በሁለተኛው ሰመር ተቀደደ። ውሻውን ጠረጠርን፣ የልጆቹን መጫወቻ ጠረጠርን፣ ከጎረቤት የመጣውን ጎረምሳ ጠረጠርን። ውሃው ወርዶ ሲታይ ግን ስንጥቁ የመሰላሉ ግራ እግር ያረፈበት ቦታ ላይ ነበር፤ ከጥፍር ቁራጭ አይበልጥም። ከዚያ ወዲህ የደረሰብኝንም የሌሎችንም እያየሁ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ገንዳ ውስጥ ለላይነር ከደረጃው የባሰ ጠላት የለም። ሰው በወጣ በወረደ ቁጥር ይጫነዋል፣ ይፈገፍገዋል፣ ከስሩ ውሃ አቁሮ አልጌ የሚባለውን አዳላጭ አረንጓዴ የውሃ ተክል ያበቅልበታል፣ ሳይወጣ ከከረመ ደግሞ በረዶ ይዞት ይቀደዋል። ስለዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ ደረጃው ነው፤ እሱ በሥርዓት ከተያዘ የላይነሩ ጣጣ ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

ያላችሁ የትኛው ነው?

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ግድግዳውን ተሻግሮ በውስጥም በውጭም እግሩን የሚዘረጋው መሰላል ነው። ርካሽና ቀላል ነው፤ ክፋቱ ግን የሰውየው ክብደት በሙሉ በሁለት ቀጫጭን እግሮች ላይ ማረፉ ነው። ሁለተኛው አሜሪካኖች የሰርግ ኬክ የሚሉት፣ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄደው የፕላስቲክ ደረጃ ነው። ለሽማግሌም ለሕፃንም ይመቻል፣ ክብደቱንም ሰፋ አድርጎ ያሳርፋል። ሆኖም ሆዱ ባዶ ስለሆነ ካልተጫነ ይንሳፈፋል፣ ከተጫነ በኋላ ደግሞ ውሃ የማይንቀሳቀስበት ጨለማ ጓዳ ይሆናል። አልጌ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው።

ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ሰፊውን ግዙ። መሰላሉን አስቀድማችሁ ከገዛችሁትም አትጣሉት፣ ጥንቃቄውን ግን በእጥፍ አድርጉት። በሁለቱም ላይ የተጻፈውን የክብደት ገደብ አንብቡ። መሰላሎች ብዙውን ጊዜ 300 ፓውንድ ይላሉ፤ ይህ ለአንድ ሰው ነው እንጂ ሦስት ልጆች ተደርድረው ለሚዘሉበት አይደለም።

ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊት

ደረጃው የሚያርፍበትን ቦታ በባዶ እግራችሁ ርገጡት። ቀስ ብላችሁ፣ በተረከዝ ሳይሆን በጣት በኩል። ምስር የምታክል ጠጠር እንኳ ትሰማችኋለች። ያቺ ጠጠር በባዶው ወለል ላይ ዓመታት ልትቆይ ትችላለች፤ ደረጃ ከላይዋ ሲያርፍ ግን እንደ ሙቀጫ ነው። ጉብታ ከተሰማችሁ ቦታውን ቀይሩ። ወለሉ ላይ ከስር የወጣ እሾህ የመሰለ ነገር ካገኛችሁ ደግሞ ጠጠር ላይሆን ይችላል። የቄጠማ ዘመድ የሆነ ጫፉ ሹል አረም አለ፤ ላይነርን ከታች ወደ ላይ ወግቶ ያልፋል። መድኃኒቱ ገንዳው ከመተከሉ በፊት መሬቱን ማጽዳት ነው፤ ከተተከለ በኋላ ማድረግ የሚቻለው ደረጃውን ከዚያ ማራቅና የተወጋውን መጠገን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ደረጃውን መርምሩ። እጅ አታላይ ነው፤ በተለይ የሠራተኛ እጅ ሸካራውን ሁሉ ለስላሳ ይለዋል። እኔ የማደርገው ቀላል ነው፦ የተባዘተ ጥጥ እይዝና በእያንዳንዱ ጠርዝ፣ በእያንዳንዱ እግር ስር፣ በብሎኖቹ ዙሪያ አሻሸዋለሁ። ጥጡ ክር ትቶ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ላይነሩንም ይይዛል። እዚያ ቦታ ላይ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እሞርደዋለሁ፣ እንደገና በጥጥ እፈትሻለሁ። የመሰላሉ እግሮች የፕላስቲክ ቆብ አላቸው፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከተበላ ቀይሩት። የቴኒስ ኳስ ቀድዶ እግሩ ላይ የሚያጠልቅ ሰው አይቻለሁ። ለአንድ ሰሞን ያገለግላል፣ ግን ጸጉሩ አልጌ ይይዛል፣ ሲያረጅም ሳይታወቅ ይወልቃል። ቆቡ ዋጋው ስንት ሆኖ ነው!

ከዚያ ምንጣፉ። ላይነርና ደረጃ በቀጥታ እንዳይነካኩ ከመሃል የሚገባ፣ ለዚሁ የተሠራ የቪኒል ምንጣፍ አለ። ለመሰላል ሦስት ጫማ በሦስት ጫማ ይበቃል፤ ለሰፊው ደረጃ በየጎኑ ቢያንስ አንድ ስንዝር የሚተርፍ ምረጡ። ጥግ ካለው ጥጉን በመቀስ ክብ አድርጉት፣ ሹል ጥግ ራሱ ይወጋልና። እባካችሁ የቤት ምንጣፍ ቁራጭ ወይም ጎማ የተለጠፈበት የበር ምንጣፍ አታስገቡ። የቤቱ ምንጣፍ ይሻግታል። ጎማው ደግሞ ከቪኒሉ ጋር ተዋህዶ የማይለቅ ቢጫ ወይም ቡናማ እድፍ ይተዋል፤ እድፉ ቆሻሻ ስላልሆነ ብታሹትም አይሄድም።

ስለ ክብደቱ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ሰፋ ላድርገው። ሰፊው ደረጃ እንዳይንሳፈፍና ሲረገጥ እንዳይንሸራተት አሸዋ ይጫንበታል፤ መጠኑ መመሪያው ላይ አለ። የሚንሸራተት ደረጃ በተረገጠ ቁጥር ላይነሩን እንደ ሞረድ ይፈገፍገዋልና «ትንሽ ቢቀንስ ምን ይሆናል» አትበሉ።

አሸዋን በደረጃው ሆድ ውስጥ እንዲሁ አትገልብጡ። አንዲት ስንጥቅ ስታገኝ ወለሉ ላይ ይዘረገፋል፣ በደረጃውና በላይነሩ መሃል ይገባል፣ ቀሪውም ፊልተር ውስጥ ይገኛል። በጠንካራ ላስቲክ ጠርሙስ ሙሉት፤ የልብስ ሳሙና ወይም የጁስ ጠርሙስ በደንብ ታጥቦ ይሆናል። አሁን ዋናው ነገር፦ አሸዋውን ከሞላችሁ በኋላ ውሃም ጨምሩበት፣ እያንኳኳችሁ አየሩ እስኪያልቅ። ደረቅ አሸዋ በቅንጣቶቹ መሃል ብዙ አየር አለው። 50 ፓውንድ ደረቅ አሸዋ ታሽጎ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚቀረው ክብደት 20 ፓውንድ እንኳ አይሞላም፤ አየሩ በውሃ ከተተካ ግን ያው አሸዋ ወደ 30 ፓውንድ ይከብዳል። ልዩነቱ ደረጃው ልጅ ሲዘልበት ባለበት መቆሙና መነቃነቁ ነው።

ጡብና ብሎኬት? አይሆንም። ጠርዙ ሻካራ ነው፣ ሲሚንቶው ደግሞ የውሃውን ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱን ልክ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ሽቅብ ይገፋዋል። የብረት ክብደትም ዝገቱ ላይነር ላይ ይታተማል።

ማስገባት

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ውሃ ውስጥ ይሁን፣ አንዱ ውጭ።

መጀመሪያ ምንጣፉን ጠቅልላችሁ አስገቡና ከስሩ ያለውን አየር በእግራችሁ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋችሁ አስወጡ። ደረጃውን ሳትጭኑ ባዶውን አሻግሩ፤ አዘንብላችሁ ውሃ ሲሞላ ወደ ታች እየተጫናችሁ አውርዱት። ምንጣፉ ላይ ሲደርስ አትጎትቱት። ማስተካከል ካስፈለገ አንሱት፣ አንቀሳቅሱ፣ አስቀምጡ። ጠርሙሶቹን ያኔ አንድ በአንድ አስገቡ፤ ከታችኛው ደረጃ ጀምሩ። በመጨረሻ ከላይ ከገንዳው ጠርዝ ወይም ከእንጨቱ መድረክ ጋር በራሱ ማሰሪያ እሰሩት።

የት ይቀመጥ? የላይነሩ መጋጠሚያ መስመር ላይ አይሁን። ከፊልተሩ የሚመለሰው ውሃ በጎኑ እየታከከ እንዲያልፍ፣ ከተቻለም ወደ ቀዳዳዎቹ እንዲገባ አድርጉ፤ የመመለሻው አፍ የሚዞር ስለሆነ ትንሽ ማጠፍ ይበቃል። በደረጃውና በግድግዳው መካከል ልጅ ሊሾልክ የሚችልበት ክፍተት ካለ ግን ለጎኑ የተሠራውን መከለያ ግጠሙ። ከመሰላል ጀርባ መዋኘት ለልጆች ጨዋታ ይመስላቸዋል፤ ሊይዛቸው ይችላል።

ስለ ልጆች ከተነሳ አይቀር፦ አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 4 ዓመት የሆኑ ሕፃናትን በመግደል መስጠም ቀዳሚ ነው። የውጭው መሰላል የሚነሳ ወይም የሚቆለፍ ይሁን፤ ዋናተኛ በሌለበት ሰዓት ይነሳ። በጁላይ 2025 የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን 5 ሚሊዮን ገደማ ገንዳዎች ላይ የማስተካከያ ጥሪ አውጥቷል። ምክንያቱ የገንዳውን እግሮች ከውጭ የሚያስረው ቀበቶ ለሕፃን እንደ መርገጫ መሆኑ ነው። የሚመለከተው 48 ኢንችና ከዚያ በላይ ቁመት ያላቸውን፣ ያ ቀበቶ ያለባቸውን ነው። እግሮቹን አቋርጦ የሚያልፍ ቀበቶ ካያችሁ የገንዳችሁን ሞዴል ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። መሰላሉን አንስቶ መርገጫውን መተው ምን ዋጋ አለው?

በየሳምንቱ

እኛ ቤት ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ። ደረጃውን ከነጭነቱ ማንሳት ወገብ ይሰብራል፤ ስለዚህ የላይኛዎቹን ጠርሙሶች አውጥቼ በአንድ ጎን ዘንበል አደርገዋለሁ። ልጄ ረጅም እጀታ ባለው የናይሎን ብሩሽ ከስሩ ይጠርጋል። የሽቦ ብሩሽ ለኮንክሪት ገንዳ ነው፤ እዚህ አጠገብ አይድረስ። ምንጣፉን ገልብጣችሁ እዩት። ስሩ የሚያዳልጥ ከሆነ አልጌው ጀምሯል፤ ዓይን ሳያየው እጅ ያውቀዋል። ከመነሻው ትንሽ የሸሸ ከሆነም ደረጃው እየተንሸራተተ ነው ማለት ነውና ክብደት ጨምሩ።

ውሃው በየጊዜው እየጠራ በየጊዜው ከአንድ ጥግ ሲደፈርስ ብዙ ሰው ክሎሪን ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ይጨምራል። ችግሩ ግን የደረጃው ሆድ ውስጥ ነው። ወር ላይ አንዴ ሙሉ በሙሉ አውጡት፣ ሳሩ ላይ ገልብጣችሁ በጎማ ኃይለኛ ውሃ ውስጡን እጠቡ። ያኔ የሚወጣውን ቅጠልያ ውሃ ስታዩ ለምን እንደምለፈልፍ ይገባችኋል። ደረጃው ውጭ ባለበት ቀን ማታ ሻክ ማድረግ፣ ማለትም ክሎሪኑን በአንድ ጊዜ በብዛት መጨመር፣ ጥሩ ነው፤ ያኔ ክሎሪኑ የማይደርስበት የተደበቀ ቦታ አይኖርም።

በውሃው መስመር ላይ የሚሠራው ቅባታማ ቀለበት የኛ ቤቶች ልዩ በሽታ ነው። የጸጉር ቅባት፣ ሎሽን፣ የጸሐይ ክሬም፣ ሁሉም እዚያ ይሰበሰባል። በለስላሳ ስፖንጅና በቤኪንግ ሶዳ እሹት። ያ ሁሉን ያጸዳል የሚባለው ነጩ ስፖንጅ በእርግጥ ያጸዳል፣ ግን የሚያጸዳው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ስለሆነ የላይነሩን ቀለምም አብሮ ይወስዳል። ከመግባት በፊት ገላን መታጠብ ከሁሉም ይቀላል። እንግዳን «ታጠብ» ማለት ይከብዳል፤ እኛ ልጆቹን አስቀድመን በጎማ እያሳደድን እናጥባቸዋለን፣ ትልልቆቹ ራሳቸው ይከተላሉ።

ውሃው ራሱ ላይነር ይበላል

ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.6 ይሁን። ለወራት ዝቅ ብሎ የቆየ ውሃ ቪኒሉን ያሳብጠዋል፤ ወለሉ እንደ እርጥብ አንሶላ ይጨማደዳል፣ ከተጨማደደ በኋላ አይመለስም። አልካሊኒቲ (ፒኤቹ ቶሎ እንዳይለዋወጥ የሚያደርገው) ከ80 እስከ 120፣ ስታቢላይዘር (ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚጠብቀው) ከ30 እስከ 50፣ ክሎሪን ከ2 እስከ 4 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ብትይዙት ለሰውም ለላይነሩም ይስማማል። በሰመር ሳምንት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ለኩ፣ የልደት ድግስ ካለፈ በኋላ ደግሞ የግድ።

የክሎሪን ክኒን ውሃ ውስጥ ወርውሮ መተው፣ ወይም «ለአልጌው ይበጃል» ብሎ ደረጃው ላይ ማስቀመጥ፣ ክብ ነጭ ጠባሳ መግዛት ነው። በተንሳፋፊ ዕቃ ይግባ፤ ዕቃውም ደረጃው ጋ እንዳይወሸቅ በገመድ እሰሩት። የዱቄቱን ሻክ በባልዲ ውሃ አስቀድማችሁ አሟሙ። ሁልጊዜ ዱቄቱ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ ዱቄቱ አይሂድ። ክኒኑና ካልሲየም ሃይፖክሎራይት የሚባለው ዱቄት በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ማንኪያ እንኳ አይገናኙ፤ እሳት ያስነሳሉ፣ ይፈነዳሉ። እኔ ፈሳሹን እመርጣለሁ። 10 በመቶ የሆነው አንድ ጋሎን በ10,000 ጋሎን ውሃ ላይ ክሎሪኑን በ10 ፒፒኤም ገደማ ከፍ ያደርጋል፤ ሒሳቡን ከዚያ ሥሩ። ፓምፑ እየሠራ፣ መመለሻው አፍ ፊት፣ በቀጭኑ አፍስሱ። ፒኤች ለማውረድ አሲድ ስትጨምሩም እንዲሁ፤ ከውሃ ስለሚከብድ ሳይቀላቀል ወለሉ ላይ ተኝቶ ያቃጥላል።

ውሃ ሲጎድል

መጀመሪያ በባልዲ አረጋግጡ። ባልዲ በገንዳው ውሃ ሞልታችሁ ደረጃው ላይ አስቀምጡ፣ የውስጡንና የውጩን ውሃ ልክ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ከ24 ሰዓት በኋላ ሁለቱም እኩል ከጎደሉ የወሰደው ፀሐይና ነፋስ ነው። የገንዳው ከበለጠ ሌባ አለ።

ፓምፑን አጥፉ፣ ውሃው ይርጋ። የምግብ ቀለም ጠብታ ወደ ተጠረጠረው ቦታ አስጠጉ፤ ወደ ቀዳዳው ክር ሠርቶ ይሳባል። ፍለጋውን ከደረጃው እግር ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ ስኪመሩ (ውሃውን ከላይ ወደ ፊልተሩ የሚስበው አፍ) እና መመለሻው። ስታገኙት ቦታውን አጽዱ፣ ቀዳዳውን በየአቅጣጫው 2 ኢንች የሚያልፍ ክብ የቪኒል ቁራጭ ቁረጡ፣ ውሃ ውስጥ የሚሠራውን ማስቲሽ ቀቡት፣ የተቀባው ወደ ውስጥ ሆኖ ለሁለት አጥፋችሁ ወደ ታች ውሰዱት፣ እዚያ ዘርጉትና ከመሃል ወደ ዳር ተጫኑት። ለስላሳ ክብደት ጭናችሁ አሳድሩት። ደረጃው ያንን ቦታ ዳግም አይርገጠው።

ለጥገና ብላችሁ ገንዳውን ሙልጭ አድርጋችሁ አታፍስሱ። ያረጀ ላይነር ውሃ ሲሸሸው ይኮማተራል፣ እንደገና ስትሞሉት ከጥጉ ይተረተራል፤ ባዶ ግድግዳም ነፋስ ያጎብጠዋል።

ከሌበር ዴይ በኋላ

ሴፕቴምበር ላይ ልጆቹ ትምህርት ይጀምራሉ፣ እንቁጣጣሽ ይመጣል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል። ከዚያ በኋላ ደረጃው ውስጥ የሚቆይበት አንድም ምክንያት የለም። በረዶ ሲሠራ ደረጃውን ከላይ አንቆ ይይዘዋል፤ በነፋስ ሲንቀሳቀስና ሲቀልጥ ከነደረጃው ይጎትታል፣ እግሩም ላይነሩን ያርሳል። ሆዱ ውስጥ የቀረ ውሃም ቀዝቅዞ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል።

ጠርሙሶቹን አውጡ፣ ደረጃውን አንስታችሁ በቀዳዳዎቹ በኩል አንጠፍጥፉ፣ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አስቀምጡ። ምንጣፉን አትጠፉት፣ ጠቅልሉት፤ የታጠፈ ቪኒል በብርድ ይሰነጠቃል። የነበረበትን የወለል ቦታ ጠርጉና በእጃችሁ ዳስሱት፤ የሳሳ ወይም የደመቀ ጭረት ካለ በሚቀጥለው ዓመት ደረጃው ሁለት ጫማ ይሽሽ።

ጠርሙሶቹንም ቁጠሩ። የኛ ደረጃ 12 ይይዛል። ባለፈው ዓመት እየመሸ፣ እየበረደ፣ «በቃ ሁሉም ወጥቷል» ብዬ ሽፋኑን ዘረጋሁ። ሜይ ላይ ስንከፍተው አሥራ ሁለተኛው ወለሉ ላይ ተጋድሞ ቆየን፤ ክዳኑ ላልቶ አሸዋው በዙሪያው ፈስሷል፣ ከስሩም የጠርሙሱን ቅርጽ የያዘ ጥቁር ጥላ ቀርቷል። አሁን በየክዳኑ ላይ በማርከር ቁጥር ጽፌባቸዋለሁ።